ጉሙ እስኪወርድ

ከፒያሳ ዝቅ ብሎ፣ ከፋርማሲው ጥግ፣
ሙህዬ ተቀምጧል መስተዋት ሲጠርግ።
ሱቁ ከቁም ሳጥን እምብዛም አይሰፋም፤
ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው አያልፍም።

ስልኬን ተቀበለኝ፤ ገልበጥ አርጎ አየና
«አብሽሪ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ እንደ ለቅሶ ደራሽ ሆነና።
«ከምን ላይ ወደቀ?»
«አልወደቀም» አልኩት።
ዝም አለ። ዝም አልኩት።

«ሴራሚክ አለልሽ፣ እንደ ቆዳ ልሙጥ፣
ብታጥፊው ብትመቺው ፈጽሞ የማይፈርጥ።
ዘጠኝ ዲ መስተዋት፣ ጠርዙ የጠቆረ፣
ቢሰበርም ራሱ፣ ስልክሽ እንደነበረ።
ይኼ ደግሞ ፕራይቬሲ፣ ከጎን የማያሳይ፣
ታክሲ ላይ ጎረቤት እንዳያይብሽ ጉዳይ።»

ሳቄ መጣ። ምን አለኝና የምደብቀው?
የዕቁብ ሰብሳቢዋ «ከፈልሽ ወይ?» ስትል ነው፤
የልጄ አስተማሪ፤ የመብራት ኃይል ወሬ፤
አንድ ስም ደግሞ አለ፣ ያልበራ እስከ ዛሬ።

«መስተዋቱን» አልኩት። ዋጋ ተነጋግረን፣
በሁለት መቶ ሰማንያ፣ ሁለታችንም ተማርረን፣
«አሁን ግን አልለጥፍም፤ ትንሽ ቆዪ» አለኝ፤
አንገቱን ብቅ አርጎ ጦሳን አሳየኝ።

«ባጃጁ ሲያልፍ አቧራ ያነሣል፤
ጉሙ ሲወርድ ግን እርጥቡ ያስተኛዋል።
ኮምቦልቻ ሳለሁ፣ በዚያ በወበቁ፣
አንድ ለመለጠፍ ሦስት ነው የሚያልቁ።»

ስለዚህ ጠበቅን። ሁለት ትልልቅ ሰዎች፣
ጉም እስኪወርድ ድረስ፣ እንደ መንገደኞች።

መጣ። መጀመሪያ የጦሳን አንቴና፣
ከዚያ ሚናራውን፣ ከዚያ የሊስትሮውን ጃንጥላ ወሰደና፣
ቁልቁል እያዘገመ ከኛ ዘንድ ደረሰ፤
እንደ ወለደች ላም የሱቁን ደፍ ላሰ።

ሙህዬ እጁን ታጠበ። ሐኪም መሰለ።
አሮጌውን ላጠው፤ እንደ ሸረሪት ድር ተንጠለጠለ።
ከሥሩ ያለው ግን
አንዲት ጭረት የለው።
ካቻምና ሐምሌ ላይ፣ ከግድግዳ ጋር ያላተምኩት ቀን፣
አበቃለት ብዬ፣
ሁለት ዓመት ሙሉ በስንጥቁ መሐል ሳነብ የከረምኩት፣
አልተሰበረም ነበር።

በአልኮል ጠረገው። በደረቅ ደገመ።
በሰማያዊ ሙጫ ብናኝ እየለቀመ
«ጠፍቶ ሲጠቁር ነው ጉድፉ የሚለየው፤
በርቶ ሳለማ ሁሉ ንጹሕ ነው የሚመስለው።»

አዲሱን አነሣ። ትንፋሹን ዋጠ።
ሊያሳርፈው ሲል፣
በራ።
ተኮላ ይላል።
ወንድሜ።

«እንዳትነኪው!» አለ። «ጣት ቅባት አለው።»
ነካሁት።
ተኮላ አልነበረም፤ ኪሱ ነው የደወለው።

የጨርቅ ፍትግታ። የባጃጅ ጥሩምባ።
አንድ ሰው «ሙዝ፣ ሙዝ» ይላል።
ከዚያ የሱ ድምፅ፣ ከሩቅ፣ ጎርነን ብሎ፣
ቆርቆሮ በነጠላ፣ ምስማር በኪሎ፣
«ከስሱ አታውጣልኝ፤ ወፍራሙን ስጠኝ፤
የእናታችን ቤት ነው፤ ክረምቱ ሳይቀድመኝ፤
ግማሹ ጣሪያ የኔ፣ ግማሹ የእኅቴ፤
የሷን በቀጭን ሸፍኜ ምን ልላት ነው፣ በሞቴ?»

ምንም አልተናገርኩም። አንድ «ሃሎ» እንኳን ብል
ኪሱ ይሰማኛል፤ ያፍራል፤ ይዘጋል።
ሙህዬም ዝም አለ፣
መስተዋቱን በሁለት ጣቱ አየር ላይ እንደሰቀለ፣
የተኮላ ካርድ አልቆ፣ ጢጥ ብሎ እስኪቆም።
ከዚያ እንደገና ጠረገው። ምንም አልጠየቀኝም።

አሳረፈው። ከመሐል ጀምሮ አየሩ ሸሸ።
አንዲት አረፋ ግን ከጥግ ተወሸቀች፤
በመታወቂያው ጠርዝ ገፋ፣ ገፋ፣ ገፋ፤
ወጣች።

«እስከ ነገ» አለኝ ብሩን ሲቆጥረው፣
«እንዳትጫኚው። ሙጫው ይርጋ። እንደ እንቁላል ያዢው።»
«እሺ» ብዬ ወጣሁ። ጉሙ መንገዱን ውጦታል፤ ፊት ለፊቴ ነጭ ነው።
ሸዋ በር ሳልደርስ ተጫንኩት፤
ስሙን ነው።