ደረሰኝ

ይድረስ ለኮሚቴው፣ ለድጎማ ክፍሉ፣
«የየወጪሽን ደረሰኝ አያይዢ» ላሉ፤
ከሐዋሳ፣ ከታቦር ግርጌ፣ ከኪራይ ቤቴ፣
መብራት በጠፋበት ሌሊት ነው ይሄ ጽሕፈቴ።

ሽልማቱ ደህና ነው፤ መስታወቱ ይከብዳል፤
አከራዬ «ውሃ የማይዝ ብርጭቆ ምን ይረባል?»
ብላ ስቃ ስቃ፣ አገላብጣ አይታው፣
ነፋስ ለሚያላጋው በር መደገፊያ አረገችው።

ገንዘቡም ገብቷል፤ ግማሹ። የቀረውን ግን
«ሒሳብ ስታወራርጂ» ብላችኋል፤ ይኸው ላወራርድ፣
ጉሮሮዬ ላይ የቀረውን ጭምር፣ አንድ ባንድ።

ካሜራው የኪራይ ነው፤ ሠርግ ቀራጩ ባንቴ
«ቅዳሜና እሑድ ለሙሽራ» ብሎ፣ ሰጠኝ ለአዘቦቴ።
ደረሰኙን አያይዣለሁ፤ ማኅተሙ ግን የአባቱ ወፍጮ ቤት ነው፤
«ለበቆሎ ማስፈጫ» ይላል። አትሳቁ፤ እውነት አለው፤
አራት ሌሊት ሙሉ ስንፈጭ ነው ያደርነው።

ሀዲድ አልነበረንም ካሜራ የሚሄድበት፤
የአሸብር ባጃጅ ነበረች፤ ሞተሯን አጥፍቶላት
ከኢንዱስትሪ ፓርኩ በር እስከ ዋርካው ጥላ
ገፋት አሥራ ሦስት ጊዜ፣ እኔ ከላይ፣ እሱ ከኋላ።
ደረሰኝ ስለው ትከሻውን ገልጦ አሳየኝ፤
ይሄንን በምን ላያይዘው? ስፒልም የለኝ።

ዝናብ ያስፈልግ ነበር፤ ቦቴ መኪና ጠየቅን፤
ስድስት ሺህ ብር አሉን፤ ተያይተን ዝም አልን።
ዘነበች፣ መሪ ተዋናያችን፣ ከሌሊት ፈረቃ ወጥታ፣
ሸሚዝ ላይ ቁልፍ ስትተክል አድራ፣ ዓይኗ አብጦ መጥታ፣
እንባ አልተጻፈላትም ነበር። በሦስተኛው ቀረጻ
ስልኳ ጠራ፤ የእናቷ ስም።
እንደ ስሟ ዘነበች፤ ያለ ቦቴ፣ ያለ ቱቦ፤
«ይብቃ» የሚል ጠፋ፤ ሁሉም ዝም አለ እሷን ከቦ።
በማግስቱ ፋብሪካው የአንድ ቀን ቆረጠባት፤
እሱን መዝግቡልኝ፤ ከናንተው ብር ከፈልኳት።

አባ ኮዳው ደግሞ ሳይጠሩት ገብቶ ቆመ፣
ራሰ በራውን ይዞ እንደ ዳኛ ታደመ።
በበዓሉ ላይ አንድ ሰው «ወፉ የምን ምሳሌ ነው?» አለኝ፤
«የዓሣ አንጀት ሽቶት ነው» አልኩ፤ አዳራሹ አጨበጨበልኝ።
ለአንጀቱ፣ አሥራ አምስት ብር።

አሁን ወደ ከባዱ።

ዱካሞ፣ ባለ ታንኳው፣ ሦስት ንጋት ቀዘፈልን፤
መረቡን እቤት ሰቅሎ፣ የዓሣውን ሰዓት ሰጠን።
ብር ስዘረጋለት «ተይው» አለ፣ «ልጄ ይርጋለም ትማራለች፤
ፊቴ ከታየ ይበቃል፤ ለጓደኞቿ ታሳያለች።»
እናንተ ግን «ከአሥራ ሁለት ደቂቃ አይለፍ» ነው ያላችሁት፤
አራት ሰከንድ በለጠብኝ። ሌሊቱን ሙሉ ታገልኩት።
ከዘነበች ዝናብ ምን ይነሣል? ከባጃጇ? ከወፉ?
እጁና መቅዘፊያው ቀሩ። ፊቱ አራት ሰከንድ ነበር።
ደረሰኝ አልቆረጠልኝም ዱካሞ፤
እኔ ነኝ እሱን የቆረጥኩት።

ፊልሙ ሲታይ ከኋላው ነበርኩ። በተውሶ ኮት ተቀምጦ፣
ልጁን በግራው አድርጎ፣ ዓይኑን አፍጥጦ፣
እጁና መቅዘፊያው መጣ፤ አለፈ። ጠበቀ። አልመጣም ፊቱ።
«ያ እጅ» አላት ቀስ ብሎ፣ «የኔ ነው» አላት ለልጂቱ።

ይሄ ደረሰኝ።
ማኅተም የለውም።

ከዚያ ስሜ ተጠራ፤ ወጣሁ፤ አመሰገንኳችሁ፤
አበባና መስታወት ሰጣችሁኝ፤ ፎቶም አነሣችሁ።

ስለዚህ፣ የቀረውን ብትልኩም ባትልኩም፣
አሥራ ሁለት ደቂቃ ከአራት ሰከንድ ነው፤ ከእንግዲህ አላሳጥርም።
ለውድድር አይሆን ይሆናል፤ ለይርጋለም ግን ይበቃል፤
ዓርብ ማታ በትምህርት ቤቱ ግቢ፣ አንሶላ ላይ ይታያል።
ፕሮጀክተሩ የባንቴ ነው፤ ኪራዩ ሦስት መቶ፤
ደረሰኙን ይቆርጣል፣ የወፍጮ ማኅተም መትቶ።

ከሰላምታ ጋር።
መብራት አልመጣም፤ ስልኬም ሦስት ፐርሰንት ነው፤
ሳይጠፋ ልላከው።