ስንዝር

የእጄ ስንዝር አጭር ነው፤ ስለካው ኖሬያለሁ፣
በጠረጴዛ ጠርዝ፣ በመጽሐፍ ልባስ ላይ ዘርግቼ አይቼዋለሁ፤
ስምንት ነጭ ቁልፍ እይዛለሁ፣
ዘጠነኛውን በጥፍሬ ጫፍ እነካለሁ፣
አሥረኛውን ግን እንደ ጎረቤት ማንጎ
ከአጥር ወዲህ ሆኜ አየዋለሁ።

ፒያኖው ሐይቁ ዳር፣ ከሆቴሉ መስኮት ሥር ቆሟል፤
የጣና እርጥበት እንጨቱን እንዳያሳብጠው
ባለ አርባ ሻማ አምፖል በሆዱ ውስጥ ሌት ተቀን ይበራል።
እንዲያም ሆኖ ሐምሌ ሲገባ
አንዲት «ፋ» ወርዳ ትቀራለች፣
በጣቴ ካላነሣኋት አትነሣም፤ ታኮርፋለች።

ከማጠናው ወረቀት ላይ የደራሲው ስም ተቀዷል፣
እጁ ግን አልጠፋም፤ በየገጹ ተዘርግቷል፦
የሰው ልጅ ሁሉ መዳፍ የእሱን ያህል የመሰለው፣
«ዶ»ን ከታች፣ «ሶል»ን ከመሐል፣
«ሚ»ን ከስምንቱ ማዶ ወርውሮ
«ሦስቱም ባንዴ» ብሎ ለግራ እጅ ያዘዘው።

ሦስት ወር ታገልኩ።
በጣቶቼ መሐል ቡሽ ሰክቼ አደርኩ፤
ጠዋት መዳፌ እንደ ደረቀ ቁርበት ይንቋቋል፣
ክንዴ እስከ ክርኔ ይነዳል፤
«ሚ» አንዳንዴ ትገኛለች፣
ግን ጅራቷን እንደ ረገጧት ድመት ትጮኻለች።
አስተናጋጁ ልየው ትሪውን በጣቶቹ ጫፍ ተሸክሞ
«ዛሬም አልታረቃችሁም?» ይለኛል ቆሞ።

እናቴ አንጓች የጨርቃ ጨርቅ ጡረተኛ ናት፤
ሃያ ስድስት ዓመት የተበጠሰ ክር ስትቀጥል
ጆሮዋን የማሽኑ ጩኸት ወሰደባት።
ሙዚቃ የምትሰማው በዓይኗ ነው።
አንድ ቅዳሜ መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች፤
ትከሻዬ ወደ ጆሮዬ ሲወጣ፣ ከንፈሬን ስነክስ አየች።
«ስንት ክር ነው ባንዴ የምትይዢው?»
ድምፅዋን አትመጥነውምና ሻይ ጠጪው ሁሉ ዞረ።
ሦስት ጣት አሳየኋት።
ሳቀች።

«እኔ ስምንት ማሽን እጠብቅ ነበር፤
ስምንቱን አቅፌ የምውል መስሎሻል?
አንዱን አስነሥቼ እተወዋለሁ፤ እሱ ይሠራል፣
እኔ ወደ ሌላው እሄዳለሁ።
እግር ያለው ሰው እጁን ምን ያስለጥጠዋል?»

እግር።
ቀኝ እግሬ ፔዳሉ አጠገብ ሥራ ፈትቶ ከርሟል።
«ዶ»ን መታሁ፣ ረገጥኩ፣ ለቀቅኳት፤
አልሄደችም፤ እንደ ታንኳ ውሃው ላይ ቆየች።
አንጓዬ ላላ (በእናቴ ስም ውስጥ ያለው አንጓ)፣
ክንዴ ከክርኑ ዞረ፣ «ሶል»ን በመንገዱ ነካ፣
«ሚ» ላይ ሲደርስ እንደ ሻላ
እግሩን አስቀድሞ፣ ሳይቸኩል አረፈ።
ሦስቱ ባንዴ አልተመቱም፤
ሦስቱ ግን ባንዴ ተሰሙ።

«ስንዝር ሲሰጡት ክንድ» ይላሉ ስግብግቡን ሲዘልፉት፤
እኔ የተሰጠኝ ስንዝር ነው። ክንዱስ?
ከትከሻዬ ተንጠልጥሎ ነው የኖረው፣ ሳልጠይቀው።

ከዚያ ወዲህ ከየዝርጋታው በኋላ እጄን እሰበስበዋለሁ፣
ጫጩት እንደ ያዘ ሰው ልል አድርጌ፤
ሥራ የሌላቸውን ጣቶች አላዝም፣ ይረፉ እላቸዋለሁ።
ሲያመኝ ክዳኑን ዘግቼ ወደ ውሃው እወጣለሁ፤
እምቦጭ የሚለቅሙ ጎረምሶች ጉልበታቸው ድረስ ገብተው
በሁለት ክንዳቸው የሚያቅፉትን ያህል ብቻ ይዘው ይወጣሉ፣
አስቀምጠው ይመለሳሉ።
ደግሞ ይወጣሉ።

አሁንም የሚያቅተኝ አለ። አምስት ድምፅ ተጽፎ
አራቱን እጫወታለሁ፣ አንዱን ለቀኝ እጄ አበድራለሁ፣
አንዳንዴም ዝም ብዬ እውጠዋለሁ።
ባለ ሰፊው እጅ ሰውዬ ቅር ካለው
ባሕር ዳር ድረስ ይምጣ፣
ያቺን አኩራፊ «ፋ» መጀመሪያ እሱ ያንሣ።

ሲመሽ እናቴ መዳፏን አምፖሉ በሚያሞቀው እንጨት ላይ
አሳርፋ ቆየች።
«አሁን አልተበጠሰም» አለች።
ከመስኮቱ ውጭ የዘጌ ጀልባ ሞተሩን አጥፍቶ
በቀረው ግፊት ብቻ
ወደ ዳር ይመጣ ነበር።