ሐረጎ ላይ የጠፋ ፍም

ዓለም ሳይጠነክር፣ ገና ጭቃ ሳለ፣
አባ ግለት መጥቶ እዚህ ጋደም አለ።
ጅራቱን ዘረጋ ቦርከና ዳር ሜዳው፣
ለዚህ ነው ኮምቦልቻ ሙቀት የማይከዳው።
ራሱን ሽቅብ ወስዶ ጦሳ ሥር ቀበረ፣
እሳቱ ግን እዚያው ጅራቱ ላይ ቀረ።
አየህ የደሴን ጉም ቧንቧ ውሃን ሲያለብስ?
ዘንዷችን ነው በርዶት ቁልቁል ሲተነፍስ።

የሌላ ሰው አምላክ ይፈራል።
የኛ ይታዘንለታል።

በየዓመት ሐምሌ፣ ጨረቃ ስትሞላ፣
አንድ ልጅ ይታዘዛል ከጅራቱ ኋላ፤
አንዲት ፍም በገል ላይ በመዳፉ ከልሎ፣
ሐረጎ ጀርባው ነው፣ ጫማ አውልቅ ተብሎ።
እያንዳንዱ እጥፋት አንድ አከርካሪ ነው፤
የሚያምን ሾፌር እዚያ ሲደርስ ፍሬን ይነካል፣
የማያምንም ይነካል፤ ገደል ነው።

አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር ተራው ሲደርሰኝ።
እናቴ ከጨርቃ ጨርቁ የሌሊት ፈረቃ ወጥታ፣
ጥጡን ከፀጉሯ ሳትለቅም ግንባሬን ሳመችኝ፦
«እታገኝ፣ አትሩጪ፤ ሩጫ ንፋስ ይጠራል።
ቆመሽም አትረፊ፤ ፍም ቁጭ ያለን ይንቃል።»

ዘጠነኛው አጥንት ላይ ዝናብ ደረሰብኝ።
ዝናብ ብቻም አይደል፣ ሽንብራ የሚያህል በረዶ።
በነጠላዬ ከለልኳት፣ በአገጬ፣ በሆዴ፤
«ችስ» አለች አንዴ፣
እንደ ድመት ግልገል።
ከዚያ ድንጋይ ሆነች፣ ጥቁር፣ በገሉ መሐል።

የይመር ኤንትሬ እያቃሰተ ሲወጣ አገኘኝ፤
መስኮቱን አውርዶ «ክብሪት ልስጥሽ?» አለኝ።
የኪስ እሳት! የሱቅ እሳት!
በሳንቲም የገዙት ለአምላክ ሊሆን ራት?
እምቢ አልኩ። ዛሬም አላውቅ፣ ኩራት ይሁን ፍራት።

ሰኞ ገበያን ሳልፍ ሕዝቡ መንገድ ለቀቀልኝ፤
ሽንኩርት ሻጮቹ ሳይቀሩ ከጆንያቸው ተነሡልኝ።
ሰው ሁሉ ለበረደ ከሰል ሲያጎነብስ እያየሁ
ውሸቴን በገል ይዤ
ጦሳ ድረስ ወጣሁ።

በዋሻው አፍ ሰባት ሽማግሎች።
መካከላቸው አፈ ፍም ሙሔ፣ ግራ ዓይኑ የጠፋ።
ጣቱን ዘረጋ፤ የከሰሏን ጀርባ ነካ።
ዝም።
ዝናቡም ዝም።
ከዚያ ጣቱን መንጭቆ አፉ ውስጥ ከተተና
«ውይ! ትፋጃለች» አለ፤ «ተመስገን፣ ጤና ነው፣ ጤና!»
ሁለተኛው ነካ፤ እጁን አራገበ።
ሦስተኛው ማለባት።
አራተኛው እንባው ጢሙ ላይ ተንጠባጠበ።
ሰባቱም ተቃጠሉ።
እኔ ብቻ፣ ተሸክሜያት የመጣሁት፣
አልተቃጠልኩም።

በማግስቱ ጉሙ እንደ ልማዱ ወረደ።
የአራዳ ሰዎች «ዘንድሮስ ሞቅ ይላል» አሉ።

ሙሔን ሊሞት ሲል አልጋው ሥር ተቀምጬ
«ያን ቀን እውነት ፈጀችህ?» ብዬ ጠየቅኩት።
መልስ አልሰጠኝም፤ ጣቶቹን ዘረጋልኝ።
የሽማግሌ ጣት፣ ጠባሳ በጠባሳ፤
የኔዋ የትኛዋ እንደሆነች
መለየት አቃተኝ።

ቦታውን ለኔ ተወው። አፈ ፍም ተባልኩ።

አምና አንድ ልጅ መጣ ከበርበሬ ወንዝ ማዶ፣
ከንፈሩ ጠቁሮ፣ ገሉ ላይ ውሃና በረዶ።
ዓይኔን አላየኝም። እኔ ግን አየሁት፣
ያንን ጥቁር ድንጋይ፣ ያን የማውቀውን ፍርሃት።
ስድስቱ ሽማግሎች ወደ እጄ አፈጠጡ።
ነካሁ።
ቀዝቃዛ ነው፣ እንደ እንቁራሪት ጀርባ።
«ውይ!» አልኩ፣ ጣቴን ጠባሁ፤
«ትፋጃለች፤ ግባ።»

ሌሊት ቤቴ ገብቼ በሩን ስቀረቅር
ጣቴ ጠዘጠዘኝ።
ወደ ፋኖሱ አስጠግቼ አየሁት።
ጫፉ ላይ
ውሃ ቋጥሯል።