ሦስት ባልዲ

ሳሉም የሚሉት ወንዝ ጠባዩ ግራ ነው፤
ባሕሩን ሲርቅ ነው ጨውነት የሚያምረው።
ዝናሙ ሲሰስት፣ ፀሐይ ስትጠጣ፣
ምንጩን ሊያይ የሄደ ጨው አፍሶ መጣ።

ዲቦር ይህን ታውቃለች፤ ዛጎል ለቃሚ ናት፤
እስከ ጉልበት ጭቃ፣ ሃያ ስድስት ዓመት።
ከማንግሮቩ ሥር ላይ የምትፈለቅቀው
ቀለብም ደብተርም ለልጇ እሱ ነው።
የላይኛው ጫካ ግን ቆሞ ነጣ፣ ደረቀ፤
ዛጎሉም እንደ ዘመድ፣ ድህነት ሲያይ፣ ራቀ።

ዘንድሮ፣ ደመናው ገና ሲያጉረመርም፣
ሦስት ባልዲ አኖረች ከጀልባው ጥላ ሥር።
አንዱ የቆርቆሮ ዝናም።
አንዱ ዝናምና ወንዝ፣ እኩል ለእኩል።
ሦስተኛው ከላይ የመጣ፣
የተሰነጠቀ ተረከዝ የሚለበልብ።
በየባልዲው፣ ጭቃ በሞላ ጣሳ፣ አሥር አሥር ችግኝ፤
እናቱ ላይ ተንጠልጥሎ የበቀለ፣
ሲወድቅ እንደ ጦር የሚሰካ ዘር።

ላቲር በትምህርት ቤት ማስመሪያው ይለካል፤
እርሳሱን ይልሳል፣ ይጽፋል፣ ይሰርዛል።

ዝናም የጠጣው፦ አረንጓዴ፤ ግን
እንግዳ ቤት እንደገባ ልጅ ዳር ዳር ይላል።
እኩሌታው፦ ስድስት ቅጠል። ሰባተኛው መንገድ ላይ።
የላይኛው፦ ሁለት ቅጠል፣ ወፍራም፣ ጠርዙ የተጠበሰ፤
ቁመቱ ካለፈው ሳምንት ያው።

«እማ፣ ይሄስ ሞቷል፤ ልንቀለው?» አለ።
በጥፍሯ ቆዳውን ጫረችው፤ ከሥሩ እርጥብ አረንጓዴ።
«አልሞተም። በር ላይ ነው።
ሊያድግበት የነበረውን ጉልበት
ጨዉን ደጅ ለማስቆም እየከፈለ ነው።»

ጨው ያልቀመሰ ልጅ ጨዋ አይሆንም ቢባል፣
ጨው የጠገበውም ከቁመት ይጎድላል።
መጠኑን ግን ምላስ ብቻውን አያውቅም፤
ቅጠል ነው ምስክር፣ እሱም አይቸኩልም።

ዝናም የለመዱትን ወደ እኩሌታው አዛወረቻቸው፤
ባልዲውን ጎረቤቷ ምቢሲን ለልብስ ፈልጋዋለች።
ማዕበሉ ሲጎድል እኩሌታዎቹን
ከመንደሩ ፊት ለፊት ተከሉ፣ እናትና ልጅ፣ ሳይነጋገሩ።
ሦስተኛውን ባልዲ ግን ዲቦር ብቻዋን
በታንኳ ሽቅብ ወሰደችው፣ ቆመው ወደ ነጡት ግንዶች።
«እነዚህ አገሩን ያውቁታል» አለች እንጂ
ይተርፋሉ አላለችም።

ላቲር በደብተሩ አዲስ ገጽ አሰመረ፤
ቀን ጻፈ፣ ስም ጻፈ፣
«ቁመት» ከሚለው ሥር
ቦታውን ክፍት ተወ።