ኦና ቤት

«ያ ቤት ኦና ሆኗል» አሉኝ ወጣቶቹ፤
ኦውሉ፣ ምሳ ሰዓት፣
ከመስኮቱ ውጪ በረዶ ለብሰዋል ብስክሌቶቹ።

አዲሱ መወያያ ሥዕል ይሰቅላል፣
ማን እንዳነበበ፣ ማን አይቶ እንዳለፈ ያሳብቃል፣
የዛሬ ዓመት ያልከውን ጎትቶ ያመጣል።
የኔው ጥቁር ገጽ ነው፣ ፊደል ብቻ የሞላው፣
ሠላሳ ዓመት ያለፈው ጎጆ፣ ቀለም ያልበላው።

እዚያ በፈረስ ስም ነው የምንጠራራ፦
ታይስቶ «ጎማ»፣
ዝደንካ ከብርኖ «ድርቆሽ»፣
ከጌንት ጎደሊቭ «ቁልፍ ያዥ»፣
እኔ «ጳጉሜን»።
ሃያ አንድ ነን። ፌርማታ ሰሌዳ ላይ «አራት ደቂቃ ቀረው»
የምትለዋን ትንሽ ፕሮግራም እንጠግናለን፤
ደመወዝ የላትም፣
አመስጋኝም የላትም፣ እውነቱን ካወራን።

ሕጉ አጭር ነው፦ «ልጠይቅ ወይ?» ብለህ አትጠይቅ፣
ጠይቅ።
ከዚያ ቁጭ በል።
መልሱ ይመጣል፣ ጎደሊቭ ልጇን ስታስተኛ፣
ታይስቶ ከሳውናው ሲወጣ፤
ሰው ሲመጣ ገጹ «ገባ» ይላል፣ ሲሄድ «ወጣ»።
እኔ ሳይገባኝ ነበር የገባሁ፤
ሦስት ወር ዝም ብዬ አንብቤ
ሲገባኝ፣ መውጫው ጠፋኝ።

ከዚያ ፌብሩዋሪ ሃያ ዘጠኝ ሆነ።
ከሌሊቱ አሥር ሰዓት፣ የመጀመሪያው አውቶቡስ ሳይነሣ፣
የከተማው ሰሌዳ ሁሉ «ማርች አንድ» ብሎ ቆሟል፤
ገና ላልመጣው አውቶቡስ «ሄዷል» ይላል።
ወጣቶቹ አዲሱን ከፈቱ፦
ነጭ ገጽ፣ የሚሽከረከር ክብ፣
«ይቅርታ፣ እየሠራንበት ነው።»
ባለቤቱ ባሕር ማዶ ተኝቷል፣ ቁልፉን ትራሱ ሥር ወሽቆ።

ስልኬ ጮኸ። ኦና ነበረች፣
(እናቷ ያወጣችላት ስም ነው፣ እኔ የለሁበትም)
ሃያ ሦስት ዓመቷ፣ ፒጃማዋ ላይ ካፖርት ደርባ።
«ያ የሽማግሌዎቹ ቤት አሁንም አለ?»
«አለ። ነይ፣ ከጎኔ ሆነሽ አንብቢ።»

ጎማ ነቅቷል፤ መቼ ተኝቶ ያውቃል።
«የወሩን ቀን ብዛት በእጁ የጻፈው ማነው?»
ዝምታ። ጠቋሚዋ ብልጭ ድርግም ትላለች።
«እኔ ነኝ» አለች ድርቆሽ።
«ባለፈው መኸር። ቸኩዬ ነበር።»
ማንም አልሳቀም።
አንዲት መስመር ተቆረጠች፣ አንዲት መስመር ተቀጠለች፤
እኔ የአሥራ ሦስተኛ ወር ሰው፣
የተረፈ ቀን የማያስደነግጠኝ፣
ፈትኜ «ልክ ናት» አልኩ።
አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ
አራት ደቂቃ ተመልሶ አራት ደቂቃ ሆነ።

«ይሄ ሁሉ ንግግር የት ተቀመጠ?» አለች ኦና፣
ገጹን ወደ ላይ እየገፋች።
«የትም። ነበርሽ፣ ሰማሽ፤
ባትኖሪ አልፎሽ ነበር።»

አገሬ «የተናገሩት ከሚጠፋ
የወለዱት ይጥፋ» ትላለች፤
እዚህ ቤት ግን
የተናገሩት ይጠፋል፣ የወለዱት ይቀራል፦
ያቺ አንዲት መስመር፣
በየፌርማታው፣ በሃያ ዲግሪ ብርድ፣
ስማችንን ለማያውቅ ሰው
«አራት ደቂቃ፣ ታገሥ» የምትል።

ምሳ ላይ ወሬው እንደገና ተነሣ።
«ምንም ቢሆን» አለ አንዱ፣ ሾርባውን እያማሰለ፣
«ያ ቤት ኦና ነው።»
ገጼን አየሁ። ከሃያ አንዳችን በታች፣
የፈረስ ስም ሳትመርጥ፣ ሳታጌጥ፣
አዲስ መስመር፦
ኦና ገባች።

«ልክ ነህ» አልኩት።
«ኦና አለችበት።»