ሰባት እና አሥራ ዘጠኝ

ደቻቱ ደርቆ ከርሟል፤ አሸዋው እግር ይፈጃል፤
ውሃ የሚባል ነገር እዚህ በጀሪካን ይመጣል።
እኔ ግን ከዚራ፣ ቆርቆሮው ከሚንቋቋው ቤቴ፣
ቬንትሌተር ሥር ተቀምጬ፣ እርጥብ ፎጣ ባንገቴ፣
የባሕር ውሎ እመዘግባለሁ።

የምትልክልኝ ሂቦ ናት፣ ከጅቡቲ፤
ጨው በልቷት፣ ፀሐይ አክስሏት፣ ጀልባ ላይ ተንበርክካ
ሻርኩን በጀርባው ገልብጣ፣ እስኪፈዝ ጠብቃ፣
ከክንፉ ሥር አውራ ጣት የምታህል ነገር ሰፍታ
ትለቀዋለች።
ያቺ ነገር በየሁለት ደቂቃው «አለሁ» ትላለች፤
ሌላው በአጠገቡ ሲያልፍም «አለሁ» ሲል ትሰማለች።
ሌላ ቃል የላትም።
እናቴ ልብስ ልትሸጥ ሐረር ሄዳ፣
ሸዋ በር ስትወርድ፣ ካርድ ሳይኖራት እንደምትደውለው፤
አንዴ ጠርታ ትዘጋለች።
አላነሳም። ደርሳለች።

ሰባት ከአሥራ ዘጠኝ ጋር፣ አርባ አንድ ደቂቃ፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት።
ሰባት ከአሥራ ዘጠኝ ጋር፣ ሃያ ስድስት ደቂቃ፣ ሊነጋጋ ሲል።
ሰባት ብቻውን።
ሰባት ከአሥራ ዘጠኝ ጋር።

ስህተት መስሎኝ ሦስቴ ከሥሩ ደመርኩት፤
ሻርክ ብቸኛ ነው ሲሉን አምኜ የኖርኩት፣
ያ ሁሉ ጥርስ ጓደኛ ምን ያደርግለታል ያልኩት፤
ለካ ቀን በየፊናው ውሎ ሲመሽ ይፈላለጋል፤
ለካ ከመቶ መሐል ለይቶ
የሚጠጋው አንድ ጎን አለው።

አባባን ጨርሶ አልገረመው።
ሠላሳ ሁለት ዓመት የጣቢያውን ቴሌግራፍ ያንኳኳ፣
«ከአይሻ ወጣ» ከማለት በቀር ወሬ የማያውቅ ጣት ነው።
«ምን ይባባላሉ?» አለኝ።
«ምንም። የሚናገረው እኛ የሰፋንባቸው ነው።»
«እኛስ መቼ ተነጋግረን እናውቃለን?»
ምርኩዙን አንስቶ ወጣ።

ወደ ለገሃር። ከአጥሩ ጎን፣ ከኒሙ ዛፍ ሥር፣
የድሮው ባቡር ከቆመ ወዲህ የማይቀሩበት አግዳሚ አለ።
አምስት ነበሩ።
እንደ ሥራዬ ልማድ እነሱንም መዘገብኩ፦
ፋራህ ከዘበርጋ ጋር፣ ሁለት ሰዓት፣ ቃል የለም።
አባባ ከቡሽራ ጋር፣ እስከ መግሪብ፣ አንዴ ሳል።
መሐላቸው አንድ ሰው የሚያህል ክፍተት፤
የሙሴ ያኒ ነበር። ማንም አይቀመጥበትም።

ግንቦት ሲገባ አሥራ ዘጠኝ ዝም አለ።
«ባትሪው ይሆናል» ብላ ጻፈች ሂቦ፤ «መረብም ይሆናል።
ፈለገው ብለህ እንዳትጽፍ። አልተመዘገበም በል።»
እሺ። አልተመዘገበም።
ሰባት ግን አሥራ አንድ ሌሊት ያንኑ ቋጥኝ ዞረ፤
ቋጥኙ ሥር የሰቀልነው ጆሮ ሰምቶታል፤
አለሁ፣ አለሁ፣ በየሁለት ደቂቃው፤
በአሥራ ሁለተኛው ጆሯችን ወደማይደርስበት ጥልቅ ወረደ።
ምን እንደሆነ አላውቅም። ዓሣ ነው።
ሰንጠረዥ ነው።

ላፕቶፑን ከድኜ ወጣሁ፤ ሙቀቱ ገና አልበረደም።
አባባ ቀና ሳይል ሸሸት አለልኝ፣
በሱ በኩል፣ ከክፍተቱ ወዲህ።
ተቀመጥኩ።
ኪሴ ውስጥ ስልኬ አንዴ ጮኾ ዝም አለ።