ዋንዛዬን ማን ይይልኝ

ሠላሳ አንድ ዓመት ፍኖተ ሰላም ላይ፣
ቁስል ሳጥብ ኖሬ፣ መግልን ከደም ስለይ፣
ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ክረምት
ሕመምተኛ ገጠመኝ ካርድ ያልወጣለት፤
የጓሮዬ ዋንዛ፣
በሐምሌ ርጥበት ቅጠሉ ያልወዛ።

አናቱ ደርቋል። ወደ ቤት ያዘመመው ክንዱ
ነፋስ በነካው ቁጥር ቆርቆሮ እየፋቀ ያቃስታል ሆዱ።
«ሳይጥለን ጣለው» አለችኝ ውባለም፤
እኔ ግን ሐኪም ሳያይ እግር አስቆርጬ አላውቅም።

ለሰውማ ቢሆን መንገዱን አውቃለሁ፤
ወለምታውን ከወጌሻ፣ ምጡን ከአዋላጅ እልካለሁ።
ለዛፍ ግን ማን አለ?
የትኛውን በር ያንኳኳል ዋንዛ ያዘለ?

መጀመሪያ የመጣው ከሰል ከሳይ ነው፤
እንየው ይባላል፤ ቀና ብሎ ግን አላየው።
ግንዱን በክንዱ አቅፎ ለካና፣ «ሃያ ጆንያ ይወጣዋል፤
ገንዘብ አልጠይቅህም፣ እንዲያውም የሻይ እሰጥሃለሁ» ይለኛል።
ነጻ ሕክምና ያስፈራኛል፤
ሬሳ የሚጠብቅ ሰው የድካሙን አይጠይቅም፤ ሻይ ይጋብዛል።

ፈንታ ከቡሬ መጣ፣ በባጃጅ ጭኖ ሞተር መጋዝ፣
ገና ከበር ሳይገባ መድኃኒት የሚያዝ፤
«አናቱን ቁርጥ! ክንዶቹን ቁርጥ! አጠር ያለ ነው የሚያምረው፣
በዓመቱ እንደ ጎረምሳ ፀጉር ነው የሚጎፍረው።»
«እስቲ የቆረጥከውን አሳየኝ» አልኩት። ወሰደኝ።
ከአንድ ሆቴል ግቢ አንገታቸው የተቀላ ሦስት ግራቪሊያ አሳየኝ።
ከጉቶው የፈላው ቀጭን ቅርንጫፍ ቢነኩት ይላቀቃል፤
ከላይ የገጠመ ቁስል ከውስጥ ግን ያዣል።

ወረዳው ግብርና ቢሮም ሄድኩ፤
ትሑት ልጅ ነው፤ ስለ በቆሎ ተምች አስረድቶኝ ተመለስኩ።

አንጓች መጨረሻ መጣች፣ ከችግኝ ጣቢያው፣ ከላህ ማዶ፣
ገመድ በትከሻዋ፣ የእጅ መጋዟ በጨርቅ ተጠቅልሎ ጸድቶ።
«ከዛፍ ወደ ዛፍ በሽታ እንዳይሻገር በአልኮል እጠርገዋለሁ» ስትል፣
እኔ፣ መርፌ ስቀቅል የኖርኩት ሰው፣ ልቤ ወደሷ ዘንበል።

ወደ ላይ አላየችም ገና። ተንበረከከች።
አፈሩን በጣቷ ፍቃ አሸተተች።
«መቼ ጀመረው? ከዚያ በፊት ምን ተለወጠ ግቢው ውስጥ?»
«ምንም» አልኳት በድንጋጥ።
በሽተኛ ሁሉ መጀመሪያ «ምንም» ይላል።
ይህን ከኔ በላይ ማን ያውቃል?

መቆፈሪያዋ ጠነነ። ሲሚንቶ።
ለስመኝ ሠርግ ጊዜ፣ ድንኳኑ ጭቃ እንዳይነካው ታስቦ፣
ጓሮው ሁሉ ተለስኗል፤ እስከ ዋንዛው አንገት።
«ሥሩ አይተነፍስም አባባ፤ ውሃም የለው የሚገባበት።
አንቀውታል» አለችኝ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣
መርዶ ነጋሪ እንደሚያደርገው፣ ጠጋ ብላ፣ ረጋ።

እኔ!
«ፋሻ ጠብቆ አይታሰር፤ ጣቱን እዩት፣
ከጠቆረ ፍቱት»
እያልኩ ስንቱን ተማሪ ነርስ የገሠጽኩ፣
የገዛ ዛፌን ሦስት ዓመት አስሬ ተቀመጥኩ፤
ጣቱ ሲጠቁር እያየሁ፣
ዲጂኖ በር ላይ ተደግፎ፣ መጋዝ ያለው ሰው ስፈልግ ከረምኩ።

«ዘንድሮ የምቆርጠው የለም፣ ከዚያች ከደረቀች ክንድ በቀር፤
እሷንም ከግንዱ አልልጣትም፣ አንገትጌዋን እተዋለሁ፣ በራሱ እንዲሽር።»
ቅዳሜ ሲሚንቶውን ሰበርን፤ እሷ በጣቷ ከሥር ከሥሩ አፈር ስታላላ፣
እኔ ድንጋይ ስለቅም፣ ወገቤ ሲላ።

«ሳትቆርጥ ነው የምትከፈለው?» ገረማት ውባለም።
ከፈልኩ፤ አላመነታሁም።
እጁን መሰብሰብ የሚያውቅ ባለሙያ
ስንቴ ፈልጌ አጥቻለሁ በዚያ በሥራዬ ገበያ።

ሌሊት ቆርቆሮው ዝም ብሏል። ጆሮዬ ግን ይነቃል።
ይድን ይሆን? ማን ያውቃል?
አንጓችን ጠየቅኳት፣ ገመዷን ስትጠቀልለው፤
እኔ ለአስታማሚ የምለውን መለሰችልኝ፦
«እንየው።»